ሳር ከሌለ እሳት የለም፦ ስለ ቦረና ግጦሽና ስለ ታቀደ ቃጠሎ

ሰንጋ አድላቢ (ሀዋሳ፣ ታቦር)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔ ሀዋሳ ውስጥ ከብት አድልቤ እሸጣለሁ። ወይፈኖቹን የማመጣው ከያቤሎ አካባቢ ነው። በዲላና በቡሌ ሆራ አድርጎ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ባለፈው የካቲት ስሄድ ሁልጊዜ ከሻጭ ጋር የሚያገናኙኝ አዛውንት ቤት አደርኩ። ጠዋት ከብቱን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ብዙም ሳንሄድ ግራር ውስጥ ገባን። እሾኹ ጃኬቴን እየያዘ አላሳልፍ አለኝ። ከግራሩ ሥር ደግሞ መሬቱ ባዶ ነው። ቀይ አፈርና ጠጠር ብቻ።

አዛውንቱ ቆም አሉና «ልጅ ሆኜ እዚህ ጥጃ ስጠብቅ፣ ጥጃው ሲተኛ ሳሩ ውጦት ይጠፋኝ ነበር» አሉኝ። ታዲያ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሳት ከለከሉን» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። መንገዳችንን ቀጠልን።

እኔ እሳት ማለት ጥፋት ነው እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤትም የተማርነው እሱን ነው። የእሳቸው መልስ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ባለፉት ዓመታት የማመጣቸው ወይፈኖች እየከሱ፣ ዋጋቸውም እየጨመረ ነው የመጣው። ስለዚህ ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። ሀዋሳ ውስጥ ቁርጥ የሚበላን ሁሉ ይመለከታል ብዬ አስባለሁ። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። እሳት እንዴት ሳር ያመጣል?

የያቤሎ ልጅ

ወንድሜ፣ አዛውንቱ እውነታቸውን ነው።

የእኔም አያት የሚሉት ይህንኑ ነው። ደርግ በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እሳት ተከለከለ። ከዚያ በፊት ማንም ተነስቶ ክብሪት አይጭርም ነበር። የኦላው፣ ማለትም የመንደሩ፣ ሽማግሌዎች ይነጋገራሉ፣ ነገሩ ወደ ረራው፣ ማለትም ወደ መንደሮቹ ስብስብ፣ ይሄዳል፣ ከዚያም የዴዳው ሽማግሌዎች ኮራ፣ ማለትም ጉባኤ፣ ተቀምጠው ይወስናሉ። ዴዳ ማለት አንድ ትልቅ የግጦሽ ክልል ነው። የት ይቃጠል፣ መቼ ይቃጠል፣ ከብቱ እስኪመለስ የት ይቆይ፣ ይህ ሁሉ ይታያል። ጊዜው የበጋው ማብቂያ ነው፤ ጋና የምንለው ዝናብ በመጋቢት ሊገባ ሲል።

ሲቃጠል አሮጌው ሳር ይነሳል። መዥገር ይሞታል። ፍሬውን ጥሎ የበቀለው ትንሹ ግራርም ሳያድግ ይቀጠፋል። እሳቱ ሲቆም ግን ፉሌሳው በረታ። ፉሌሳ የምንለው እሾኹ ሥር እንደ ኳስ ያበጠ፣ ጉንዳን የሚኖርበት ግራር ነው። ሳጳንሳ ደግሞ አለ፤ እሾኹ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ። ጃኬትህን የያዘህ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደ ግመልና ፍየል የዞረው ወዶ አይደለም። ላም ቅጠል በልታ አታድርም።

ሳርና አፈር (የግጦሽ መሬት ባለሙያ)

ጥሩ ርዕስ ነው የተከፈተው። እኔ የተማርኩት እዚሁ ሀዋሳ ነው፤ ቦረና ላይም ለዓመታት ሠርቻለሁ። የጠየቅከውን በቀላሉ ላስቀምጠው።

ሳር የሚያድግበት ነጥብ መሬት ላይ ተጣብቆ ነው ያለው። ሥሩም ውስጥ ስንቅ አለው። ደረቁ ላዩ ሲቃጠል ሕይወቱ አይነካም። የሳር እሳት ቶሎ ያልፋል፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ዝቅ ብለህ ብትለካ ሙቀቱ ብዙም አልጨመረም። የግራር ችግኝ ግን እምቡጡ ከላይ ነው፣ ነበልባሉ መሃል። ስለዚህ ሳሩ በዝናብ ቶሎ ይነሳል፣ ችግኙ ከሥሩ እንደገና ለመጀመር ይገደዳል። በየጥቂት ዓመቱ ይህ ከተደገመ ግራሩ ዛፍ መሆን አይችልም። ሁለት ሜትር ገደማ ካለፈ ግን የሳር እሳት ብዙም አይጎዳውም። ለዚህ ነው ክልከላው በአንድ ዓመት ያልታየው። ጉዳቱ ሲገለጥ ችግኞቹ ሁሉ ከእሳት ቁመት በላይ ሆነው ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራውን ጥናት ጠቅሰው ባለሙያዎች ከቦረና መሬት 40 በመቶ ገደማው በቁጥቋጦ ተወርሯል ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡት ግምቶች ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። ጥፋቱ የእሳት ክልከላ ብቻ አይደለም። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲው አያና አንጋሳና ጉፉ ኦባ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እረኞቹን ራሳቸውን ጠይቀዋል። ከእሳት ክልከላው ጋር የግጦሽ መታጠሩና የእርሻ መስፋፋቱም ይነሳሉ። ከብቱ በአንድ ቦታ ሲጨናነቅ ሳሩን ይጨርሰዋል፤ ሳር ከሌለ ደግሞ የሚቃጠል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እሳቱን የሚሸከመው ሳሩ ነው። ቁጥቋጦን ለመምታት የሚሆን እሳት በሄክታር 4 ቶን ያህል ደረቅ ሳር ይፈልጋል። ከ2 ቶን በታች ከሆነ እሳቱ ይቆራረጣል። እንዴት ትለካለህ? አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት በማጭድ እጨድ፣ አድርቀህ መዝን። 400 ግራም ከሆነ 4 ቶን ላይ ነህ። በአምስት ስድስት ቦታ ድገመውና አማካዩን ያዝ።

ሰንጋ አድላቢ

እግዜር ይስጥልኝ። 400 ግራም ስትል እኔ እንደ ነጋዴ ማስላት ጀመርኩ። በሄክታር 4 ቶን ሳር እንዲሁ እሳት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ስንት ከብት ይመግብ ነበር?

ሳርና አፈር

ጥያቄው ትክክል ነው፤ ከዋጋው መጀመር አለበት።

250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች። ከሳሩ ግማሹ ለመሬቱ ይቅር ብለን 2 ቶኑን ብቻ ብንቆጥር፣ ያ ለአንድ ላም ከ10 ወር በላይ ነው። እያንዳንዱ የሚቃጠል ሄክታር የአንዲት ላም የ10 ወር ቀለብ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ወተት የሚጠብቁ ሰው ይህን ሳር እያየ ዝም ብሎ እንዲተወው መጠየቅ ቀላል አይደለም። ስለ ታቀደ ቃጠሎ የሚያወራ ሰው ይህን ሂሳብ ካልያዘ ከሽማግሌዎቹ ፊት መቀመጥ የለበትም።

አረንጓዴ ነገ

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አገር ሙሉ ችግኝ እየተከለ እኛ ስለ ማቃጠል እናወራለን? በ1992 ዓ.ም. ባሌ ላይ ደን ሲነድ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ሲቃጠል ከእስራኤል ድረስ ረዳት መጥቷል። እሳት አንዴ ከእጅ ከወጣ ሽማግሌም ባለሙያም አይመልሰውም። ጭሱስ? ካርቦኑስ?

የጎባ ልጅ

አረንጓዴ ነገ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። እኔ በ1992 ባሌ ነበርኩ፣ ጭሱን አስታውሳለሁ።

ግን ከእኛ አገር የተማርኩትን ልንገርሽ። ከጎባ በላይ ያለውን አስታ የሚባል የደጋ ቁጥቋጦ ከብት አርቢዎቹ ከጥንት ጀምሮ ያቃጥሉታል። አስታው ከሥሩ ይመለሳል። ወጣቱ አስታ ለብዙ ዓመታት በቀላሉ አይነድድም። ስለዚህ አምና የተቃጠለው ለዘንድሮው እሳት ግድግዳ ይሆነዋል። እረኛው ይህን አውቆ ነው የሚለኩሰው። እሳት ጨርሶ ሲከለከል ግድግዳው ይጠፋል፤ ሁሉም እኩል ያረጃል፣ እኩል ይደርቃል። ያን ጊዜ የሚነሳው እሳት ነው የሚያስፈራው።

ይህን ስል የጥብቅ ደኑ ውስጥ እሳት ይግባ ማለቴ አይደለም። እዚያው ባሌ እንዳለው እንደ ሐረና ዓይነት እርጥብ ደን እሳትን አልለመደም። ሳር መሬትና ደን አንድ አይደሉም።

ሳርና አፈር

የጎባ ልጅ ያልከው ላይ ልጨምር። አረንጓዴ ነገ፣ ካርቦን ላልሽው፣ ከሳሩ የወጣው ጭስ በሚቀጥለው ዝናብ ሳሩ ሲያድግ በአብዛኛው ይመለሳል። ከግራሩ የወጣው ግን ቶሎ አይመለስም፤ ይህን አልክድሽም። ቁጥቋጦ ካርቦን ይይዛል። ነገር ግን ከሥሩ ባዶ የሆነ መሬት አፈሩን በጎርፍ ያጣል። የሳር ሥር የሚይዘው አፈርም መቆጠር አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ላይ የምትኖር ትንሽ ወፍ አለች፤ ባለሙያዎች የሊበን ላርክ ይሏታል። ሳር መሬቱ እየጠበበ ሲሄድ እሷም ለመጥፋት ተቃርባለች። ለእሷ ዛፍ መትከል መኖሪያዋን መንጠቅ ነው። ሳር ሜዳ ዛፍ ያልደረሰበት ደሃ ደን አይደለም። ራሱን የቻለ አገር ነው።

ከመጋ የመጣሁ (ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር)

ሰላም ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። እስካሁን የተነሳው ሁሉ ስለ ላምና ስለ ሳር ነው። እኔ የሴቶቹን ላንሳ።

እናቴ ከግራርና ከከርቤ ዛፍ ሙጫ ትለቅም ነበር። በድርቅ ዘመን የስኳርና የሻይ ቅጠል መግዣችን እሱ ነበር። ለቤት መሥሪያ፣ ለአጥር፣ ለማገዶ የሚቆረጠውም እዚያው ነው። ቀፎ የሚሰቀልበትም ግራር ነው። ስለዚህ «ቁጥቋጦ ጠላት ነው» እየተባለ ሲወራ ያመኛል። የትኛው ቁጥቋጦ? የት ያለው? ኮራ ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ሙጫው የት እንዳለ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። ከመለኮሱ በፊት እነሱን ይዞ መዞር ያስፈልጋል። ይህ ዛፍ ይቅር፣ ይህ ይሂድ ብለው ያሳያሉ። ቀፎ ካለ ቀድሞ ይወርዳል።

ስለ ካሎም ማንም አላነሳም። ካሎ ማለት ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚታጠር ግጦሽ ነው። እኛ ቤት የጥጃው ነገር የእናቴ ነው። ካሎው ውስጥ ሳሩ ያርፋል፣ ያድጋል። እሳት የሚፈልገውን ሳር ማግኘት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ወደ ካሎው ሂዱ። ከብት የማይገባበትን መሬት መጠበቅ የምናውቅበት ሥራ ነው።

የቀድሞ የፕሮጀክት ሠራተኛ

ከላይ ያለችው እህታችን የተናገረችውን ባነበብኩ ጊዜ አንድ የተሸከምኩትን ነገር ለመናገር ተነሳሳሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

ከዓመታት በፊት የቁጥቋጦ ቃጠሎ ያለበት ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ። በጀቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው «አቃጥሉ» ተባልን። ሳሩ አልደረሰም ነበር። አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ሳሩን በእጃቸው ጨበጡና «ይህ እሳት አይሸከምም» አሉን። አልሰማናቸውም። ያቃጠልነው ቦታ ትንሽ ነበር። እሳቱ እዚህ እየያዘ እዚያ እየጠፋ አለፈ። ግራሩ ቅጠሉ ብቻ ጠቆረ።

ከዚያ ዝናብ ጣለ፣ ለጋ ሳር ወጣ። በዚያ ሰሞን ሌላው ቦታ ሁሉ ደረቅ ነበር። ከየአቅጣጫው ከብት መጣ። የዱር እንስሳውም መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳሩን ከሥሩ ነቀሉት። ማንም እንዲጠብቀው አልተስማማንም ነበርና ማንንም መክሰስ አልቻልንም። በቀጣዩ ዓመት ግራሩ ከአንድ ጉቶ አራት አምስት ሆኖ በቀለ።

ያ መሬት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእሳቱ አይደለም። የተማርኩት ይህን ነው፦ የቃጠሎው ቀን አንድ ቀን ነው። ሥራው ከዚያ በፊት ያለው ዓመትና ከዚያ በኋላ ያለው የዝናብ ወቅት ነው።

የያቤሎ ልጅ

ጋሼ፣ በግልጽ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። እንዲህ የሚናገር ሰው ብዙ አይገኝም።

ሳርና አፈር

ጋሼ ያሉት ሁለት ነጥብ ትልቅ ነው። ትንሽ ቦታ ብቻውን ከተቃጠለ ከብቱ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ስለዚህ የሚቃጠለው ሰፋ ማለት አለበት፣ ወይም ጠባቂ ሊኖረው ይገባል። ከቃጠሎ በኋላ ደግሞ ሳሩ ቢያንስ አድጎ ዘር እስኪጥል ከብት አይግባ። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ያን ጊዜ ፍየሎቹን አስገቡ። ለስላሳውን ቅጠል ይወዱታል፤ እሳቱ የጀመረውን እነሱ ይጨርሳሉ። ከዓመታት በኋላ ሳሩ ሲደርስ እንደገና ይቃጠላል። ትልልቁን ግራር ግን በመጥረቢያ ካልሆነ አትጥሉትም።

ሐዌላ ቱላ

ስለ አፈጻጸሙ አንድ ጥያቄ። እሳቱን በተግባር እንዴት ነው የምትይዙት? ዝም ብሎ ተለኩሶ አይደለም መቼም።

ሳርና አፈር

አይደለም።

መጀመሪያ በቦታው ዙሪያ ሳሩ ተነቅሎ ባዶ መስመር ይወጣል። መንገድ ወይም ደረቅ ወንዝ ካለ እሱን ተጠቀሙበት። ከዚያ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጫፍ ሂዱና ከመስመሩ ውስጠኛ ዳር ለኩሱ። እሳቱ ነፋሱን እየተጋፋ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰፊ ጥቁር መሬት ይተዋል። ከዚያ ሁለቱ ጎኖች ይለኮሳሉ። ጥቁሩ ሲሰፋ ብቻ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ዋናው እሳት ይለቀቃል። እሱ እየሮጠ ሄዶ ጥቁሩ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ግራሩን የሚመታው ይህ የሚሮጠው እሳት ነው።

ቁጥቋጦ ለመምታት ሲሆን ቀኑ ሞቃትና ደረቅ ይሁን፤ ከ25 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች። ነፋሱ ግን በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ካለፈ ተዉት፣ ወደ ቤት ተመለሱ። አሮጌ ሳር ለማንሳት ብቻ ከሆነ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ይሻላል። እንዲህ ያሉት መለኪያዎች በብዛት የመጡት ከደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ ክሩገር ፓርክ ውስጥ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታወቁ መደቦች ላይ በየጊዜው እያቃጠሉ ይመዘግባሉ።

እርጥብ ቅርንጫፍ፣ አካፋ፣ የመድኃኒት መርጫ በውሃ ተሞልቶ በጀርባ። ጎረቤት ቀበሌ ቀኑን ይወቅ። የወረዳው አርብቶ አደር ጽሕፈት ቤት ሳይፈቅድ ደግሞ አይነካም፤ ያለ ፈቃድ እሳት መልቀቅ ያስከስሳል። ነበልባሉ ጠፋ ተብሎ አይኬድም። ደረቅ እበትና ግንድ ሌሊቱን ሙሉ ፍም ይዞ ያድራል። ሰው ማደር አለበት።

መተሐራ

እኛ ጋ ያለው ችግር ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻማ መጤ ዛፍ ነው። ቃጠሎ ይሠራል?

ሳርና አፈር

አይሠራም፣ አትሞክሩት። ከመሬት በታች ካለው ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከበፊቱ ይብሳል። ከሥሩም ሳር ስለማያስበቅል እሳቱ የሚሄድበት የለም። እሱ ተቆፍሮ ነው የሚወጣው።

አረንጓዴ ነገ

ሁሉንም አነበብኩ። የመጋዋ እህቴ የተናገረችው ገብቶኛል፤ የጋሼም። ስጋቴ አልጠፋም፣ ግን ጥያቄዬ ተለውጧል። እስካሁን «ይቃጠል ወይስ አይቃጠል» ነበር። አሁን የምጠይቀው ሳሩን ዓመት ሙሉ ማን ይጠብቃል የሚለውን ነው።

የያቤሎ ልጅ

ከባዱ እሱ ነው እህቴ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈብን። ከብቱ አለቀ። ከዚያ ዝናብ ሲመጣ ሳሩ ወጣ፣ የሚበላው ግን ጥቂት ነበር። አጎቴ «አሁን ነበር ማቃጠል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳር የተረፈበት ጊዜ እሱ ነበር። ግን የተረፈችውን ሁለት ላም ይዞ የቀረ ሰው ፊቱ ያለውን ሳር አቃጥል ቢሉት እጁ እንዴት ይታዘዝለታል? እኔም ብሆን አልችልም ነበር።

ሰንጋ አድላቢ

ቤተሰብ፣ ከጠፋሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይቅርታ። ያቤሎ ደርሼ ነው የመጣሁት።

ይህን ውይይት ለአዛውንቱ በቃሌ ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ 400 ግራም ብዬ ስጽፍ አዩኝና ዝም አሉ። ከዚያ ማጭድ አመጡ። ካሎው አጠገብ ካለው መሬት በሦስት ቦታ አጨድን። ጣሪያ ላይ አስጥተን በሁለተኛው ቀን በስኳር መመዘኛዋ መዘንነው። የተሻለው 150 ግራም ሆነ። ሌሎቹ ከዚያ ያንሳሉ።

«እኔ ሳይመዘንም አውቄው ነበር» አሉኝ። ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። ኮራ ላይ ለወጣቶቹ ሊያሳዩት ነው።

ዘንድሮ አይቃጠልም። የሁለት ኦላ ሰዎች ተነጋግረው ከካሎው በላይ ያለውን ቁልቁለት እስከሚቀጥለው በጋ ሊዘጉት ነው። ባለቤታቸው ሁለት ሴቶች ይዘው ዞረው ሰባት የሙጫ ዛፍ ላይ ጨርቅ አሰሩ። እኔ በበኩሌ፣ ሳሩ እስኪደርስ ከዚያ መሬት የሚወጡትን ወይፈኖች ቀድሜ ልገዛቸው ቃል ገባሁ፤ ከብቱ እንዲቀልላቸው። ብዙ አይደሉም፣ አሥራ አንድ ናቸው።

ሳርና አፈር፣ በሚቀጥለው ጥር እንደገና ልንመዝን ነው። ከቻልክ አብረን እንሂድ። ስመለስ የእሾህ አጥሩን ጀምረውት ነበር፤ በሳጳንሳ ነው የሚያጥሩት።